ያለ እሳት

ከወይዘሮ ሄልሚ ጓሮ፣ አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ ቅዳሜ፣
አራት ዶላር ከፈልኩባት፣ ሁለቴ አልፌ፣ ሁለቴ ቆሜ።
ሽቦ የላት፣ መሰኪያ የላት፣ አትግል፣ አትጮህ፣ አትበራ፤
ሁለት የጎማ ጥቅልል ብቻ፣ አንድ እጀታ ከጎኗ ጋራ።
«ምን ትሠራለች?» ብላት፣ «ወረቀት ታለብሳለች» አለች፤
እጀታዋን አንዴ አዙራ፣ ነፋስ በመሃል አሳለፈች።

አሁን በተንደር ቤይ የመጀመሪያው በረዶ ጥሏል፤
ሐይቁ ገና አልረጋም፣ የመጨረሻው መርከብ ይጫናል።
ኖላዊት ዓሣ ቆርጣለች፣ ሠላሳ ሁለት የወረቀት ዓሣ፣
አንዱ ቀይ፣ አንዱ ዝንጉርጉር፣ አንዱ ጎፈር ያለው አንበሳ።
ለትምህርት ቤቷ ባዛር ነው።
እኔ ከእህል ጎተራው፣ ከሌሊት ፈረቃ ገብቼ፣
ጫማዬን በር ላይ ጥዬ፣ ፊቴን ብቻ ታጥቤ መጥቼ፣
«ላግዝሽ» አልኩ። ምን አውቄ!

ፕላስቲኩን ከጀርባው ባንዴ ገፍፌ ብገልጠው፣
ሙጫው ጣቴን ያዘ፣ ጣቴ ዓሣውን ያዘው፣
ዓሣው ጠረጴዛውን፤ ትዕግሥቴን ማን ይያዘው?
ሁለተኛው ተሸበሸበ እንደ ሽማግሌ ግንባር፣
ሦስተኛው ጠምሞ ገብቶ ወጣ፣ ጅራቱ ሳይኖር።

ብረት እንደ ጋለ ነው ሲሉ ሰምቼ አድጌ፣
ይህች ግን በብርድ ትሠራለች፤ ጥድፊያ ነው ጠላቷ።
ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤
እሱስ መቀነት ነው፣ ዕድለኛ፤
ሲሮጡ የለጠፉት ቁጭ ብለው ቢለምኑትም አይላቀቅም።

«አባ፣ ሁሉን አትላጠው፤ ጠርዙን ብቻ፣ የጥፍር ያህል።
ጫፉን አስይዝ። ከዚያ አዙር። የቀረው ራሱ ይሳባል።»
ዘጠኝ ዓመቷ ነው። መዳፏን እጄ ላይ ጣለች፤
«ቀስ» አለች፤ ቀስ አልኩ፤ «ከዚያም ቀስ» አለች።

ዓሣው በወዲያ በኩል ወጣ፣ ገና አሁን እንደ ተያዘ፣
የሚያብረቀርቅ፣ እርጥብ የሚመስል፤ ስነካው ደረቅ፣ የቀዘቀዘ።
ሌሊቱን ሙሉ የስንዴው ቀበቶ እኔን ነው የሚያዞረኝ፤
ዛሬ ጠዋት ግን እጀታው በእኔ ክንድ ልክ ዞረልኝ።
እሷ አቀባይ፣ እኔ ዘዋሪ፤ ወሬ የለም፣ ሲጥ ሲጥ ብቻ፤
የአየር አረፋ ሲመጣ በመርፌ ጫፍ መውጫ፣
በማንኪያ ጀርባ ማለስለሻ።

ሃያ ሰባተኛው ላይ ከእጅጌዬ እብቅ ወደቀ፣
አንዲት የስንዴ እብቅ፣ ከሽፋሽፍት የረቀቀ፤
ሳላየው ጥቅልሉ ዋጠው፣
ዓሣው ሆድ ላይ ታሸገ፣ ላንዴም ለመጨረሻም።
ልጥለው ስል ነጠቀችኝ።
ወደ መስኮቱ አንስታ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና አየችው፤
«ይኼኛው ምሳውን በልቷል» አለች፣
ዋጋው ላይ ሃያ አምስት ሳንቲም ጨመረችበት።

«ለእኔ ሽጪልኝ» አልኳት።
«ቅዳሜ ና፣ ተሰለፍ።»

ቅዳሜ ፈረቃ ነበረኝ።
ከራይሞ ጋር ተቀያየርኩ፣ ሁለት እሑድ ከፍዬ።