አንደኛ ማርሽ

ማክሰኞ ጧት፤ ከቦርከና ማዶ ፀሐይ ቀድማኝ ገብታለች፣
አምስት ቁጥር ክፍል፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጣለች።
ወረፋው እስከ ውኃው ሮቶ ድረስ ነው፤
ስኳሩ፣ ደም ግፊቱ፣ ክትባት የመጣው፣
ከነሱ መሐል ደግሞ እነዚያ፣ ስም የሌላቸው፣
«ደህና ነው» ተብሎ ካርዳቸው ላይ የተጻፈባቸው።

አቶ ይመር ሙሄ ገቡ፤ የሲኖትራክ ሾፌር፣
ከደረቅ ወደቡ ጭነው ሐረጎን በሌሊት የሚወጡ።
«ሲስተር፣ ያ በሽታ ከለቀቀኝ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው።
እሱ ለቆኛል።
እኔ ነኝ ያልተመለስኩት።
ሸራ ሳስር ልቤ ይደልቃል፤
የልጄን ስም እጀምርና መሐል ላይ ይጠፋኛል።
ባለፈው ሐረጎን ስወርድ ረዳቴ ጮኸ፣
‹ፍሬኑ እየተቃጠለ! አይሸትህም እንዴ?› አለኝ።
አልሸተተኝም፣ ሲስተር። ምንም አልሸተተኝም።»

ጣታቸው ላይ መለኪያውን ሰካሁ፤ ዘጠና ስድስት።
ራጁ ንጹሕ። አክታው ነጻ። ደሙም እንደዚያው።
ደሴ ልኬያቸው ነበር፤ ይዘው የመጡት ወረቀት
«ጭንቀት» ይላል፣ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት።

እኔም ጽፌዋለሁ ይህን ቃል፤ መቁጠር ፈርቼ ነው፤
ከሃያ ፍሬ ፓራሲታሞል ጋር ስንቱን የሸኘሁበት ነው።
ጦይባን፣ ከጨርቃ ጨርቁ፣ የክር ቁጥር የሚምታታባትን፣
«በርቺ፣ እንቅስቃሴ ጥሩ ነው» ብዬ የላክኋትን፣
በሳምንቱ ማሽኑ ሥር የወደቀችውን።

መዝገቡ ሰፊ ነው፤ ለወባ ዓምድ አለው፣ ለእባብ ንድፊያ፤
ለነዚህ ግን የለውም ማረፊያ።
ጥግ ላይ «ሌላ» የምትባል ጠባብ ቤት አለች፤
ፊደሌን አሳንሼ እዚያች ነው የማጭቃቸው።
የድሮው መዝገብማ በዚያ ኅዳር ከነመደርደሪያው ተወሰደ፤
ማን መቼ ታሞ እንደነበር፣ ማስረጃው አብሮ ሄደ።
አሁን ይህ ድካም የሳንባ ይሁን የሽሽቱ ሌሊት፣
የሐዘን ይሁን የእንቅልፍ እጦት፣
ማን ይለየው?

የሳቸውን አሮጌ ካርድ ላመጣ ተነሣሁ።
ሦስት እርምጃ ነው።
ሦስተኛው ላይ ጠረጴዛውን ያዝኩ።
አቶ ይመር እንደ ሞተር ድምፅ አዳመጡኝ፤
«አንቺንም ይዞሻል» አሉ። አልጠየቁም።

በሳቅ ላልፈው ነበር። ሁለት ዓመት በሳቅ አልፌዋለሁ፤
ደሴ፣ የቧንቧ ውኃን ዳገት ስወጣ መሐሉ ላይ እቆማለሁ፣
የማልገዛውን ጫማ ዋጋ እጠይቃለሁ፣
ትንፋሼ እስኪመለስ።
የበረኪናውን ባልዲ ውኃ ነው ብዬ አውቃለሁ።

«ስሚ» አሉኝ፣ ሐኪሙ እሳቸው ሆነው፣
«ሐረጎን ከነጭነቱ በአራተኛ የወጣ የለም።
በአንደኛ ነው።
ሚኒባስ ይቀድምሻል፤ ይቅደምሽ።
ጡሩምባ ይነፉብሻል፤ ይንፉ።
ሲግል አይደለም የሚቆመው፤ ሳይግል ነው።
ውኃ ጨምሪ። ተቀመጪ። ከዚያ ደግሞ ጥቂት።»

የምሰጣቸው መድኃኒት አልነበረኝም።
ቃላቸውን በማዘዣው ወረቀት ላይ ገለበጥኩት፣
ግማሹን ለሳቸው፣ ግማሹን ለጦይባ፤
ለፎርማኗም በማኅተም፦ ተቀምጣ ትሥራ፣
በየሰዓቱ ትረፍ።
ለአቶ ይመር «ቁልቁለት ለብቻዎ አይንዱ» አልኳቸው፤
ረዳታቸው አፍንጫ ይሁናቸው።
«እስከ መቼ?» አሉኝ።
አላውቅም አልኩ። ይህን ቃል ለበሽተኛ ስናገር
የመጀመሪያዬ ነው።

ከሰዓት፣ በማስመሪያ፣ በቀይ እስክሪብቶ
መዝገቡ ላይ አዲስ ዓምድ ሰመርኩ።
ርዕሱን ባዶ ተውኩት።
ተራ ቁጥር አንድ፣ ይመር ሙሄ። ሁለት፣ ጦይባ አደም።
ሦስት ላይ እጄ ቆየ፤
መሬማ ይማም፣ ሠላሳ አራት ዓመት፣ ነርስ።

ማታ ደሴ፣ ያው ዳገት፤ ጦሳ ጉም ተከናንቧል።
ጫማ ሻጩ ከሩቅ አይቶኝ ዋጋውን ሊነግረኝ አፉን ከፈተ።
ዛሬ አልጠየቅኩትም።
በርጩማውን ሳበልኝ፤
ተቀመጥኩ።