ፈር ለቀቀ

ሽፋኑ የወለቀ መዝገበ ቃላት አለኝ፣
ቢቸና፣ በገበያ ቀን፣ አፈር ላይ ተጥሎ ያገኘኝ፤
የበርበሬ መጠቅለያ ሊሆን ሲል፣ በሁለት ብር
አወጣሁት ከሞት፣ ከባለ ሱቅ ስከራከር።
ስገዛው ሙሉ ነበር። ኋላ፣ ቤቴ ሲኖር ሲኖር፣
የ«ኤ»ን ቃላት ሁሉ አይጥ በልቶ ጨረሳቸው፤
ከ«ቢ» ወዲህ ያሉት ግን፣ ይመስገን፣ ጤና ናቸው።

ሃያ ሦስት ዓመት በዚሁ አስተምሬ
ተማሪ የማይፈልገው ቃል ሆነ የኔ ፍሬ፤
ለፈተና የማይመጣ፣ ማንም የማይጠይቀው፣
በሮማይስጥ አባቱ ብቻ የሚታወቀው።

ጥቅምት ላይ የኔታ ይኄይስ ታመው፣
ከዓባይ በረሃ መልስ ወባ ጥሏቸው፣
ጤና ጣቢያ ገቡ። ልጠይቅ ሄድኩኝ።
ሌሊቱን ሙሉ ቅኔ ሲዘርፉ አገኘሁኝ፤
ለግድግዳው፣ ለቆመው የግሉኮስ እንጨት፣
«ተቀበል!» እያሉ፣ ለሌለ ተማሪ፣ በዚያ ሌሊት።

ሲስተር ጥሩዓለም ሙቀታቸውን ለካች፣
ካርዱ ላይ በቀይ አንዲት ቃል ጻፈች፦
«ዴሊሪየም»።
ልጃቸው አየና ፊቱ አመድ መሰለ፣
«ይሞታሉ ነው ወይ፣ ጋሼ? ንገረኝ» አለ።

ሮጬ ቤቴ ገባሁ፣ ኩራዜን ለኮስኩ።
(ለዚህም ቃል አላቸው፣ በመብራት ሥር ለሚያመሽ ሰው፤
«ሉኩብሬት» ይሉታል፣ ከሮማ ፋኖስ የተለኮሰው።
እሱ ይቆየን።)
«ዲ» ጋ ስደርስ ጣቴ ቆመች።

«ዴ» ማለት «ከ» ነው፤ ከ... ወጥቶ፣ ከ... ርቆ፤
«ሊራ» ማለት ፈር ነው፣ በሬ የሚሄድበት ጠብቆ።
የጥንት ሮማ ገበሬ፣ እርፍ ጨብጦ፣ ጅራፍ አንግቶ፣
በሬው ሲያፈነግጥበት፣ ማረሻው ከመስመር ወጥቶ፣
«ዴሊራሬ» አለው።
ፈር ለቀቀ! አለው።
ያ ቃል ነው ዘመን አርሶ፣ ባሕር አቋርጦ፣
ካርድ ላይ ያገኘሁት፣ በቀይ ቀለም ተቀምጦ።

ዋልካ ላይ ነው ያደግሁ። አባቴ እርፉን ሲጨብጥ
ኋላ ኋላው ሄጃለሁ። ዳለቻው በሬ ሲደነግጥ
«ፈር ለቀቀ! መልሰው!» እያለ ሲጮኽብኝ፣
ያን ጊዜ ሮማይስጥ መስማቴን ማን ነገረኝ?

ጧት ለልጁ ነገርኩት፦ «አይሞቱም። ከፈር ወጥተው ነው።
በሬ ይመለሳል።»

በሦስተኛው ቀን፣ ትኩሳቱ ሲለቃቸው፣
ቃሉን ከነፍቺው አምጥቼ ነገርኳቸው።
ዝም አሉ። ከንፈራቸው ብቻ ቆጠረ፣ መዘነ፣
እንደ ግሥ ሊያወርዱት፣ ሥሩ ከወዴት እንደሆነ።
«ለካ እነሱም ግዕዝ አላቸው!» አሉ ፈገግ ብለው፣
«አባት የሌለው ቃል እማ፣ ምን ቤት አለው?»

ጥቂት ቆይተው ደግሞ፦ «ግን ልጄ፣ አንድ ነገር፤
ቅኔስ መቼ ሄዶ ያውቃል እስከ ማሳው ዳር በፈር?
ሰሙ ነው በፈሩ የሚሄድ፣ እንደ ሠለጠነ በሬ፤
ወርቁ ነው ፈር የሚለቅ። ሲስተር ይህን ትጻፍ ዛሬ።»

«መቼ ነው የምወጣው?» አሉ ሲስተርን።
«ከነገ ወዲያ፣ የኔታ።»
እኔ አላስቻለኝም፦ ጉዳይን ከነገ ወዲያ ማሳለፍ
«ፔረንዲኔት» ይባላል አልኩ፣ በአንድ ግሥ የሚታጠፍ።
«ለዚህማ» አሉ የኔታ፣ «ሮማ ድረስ ምን አስኬደን፤
ቀበሌ ሄደህ ማኅተም ጠይቅ፤ በቃል ነው የሚያስጠናን።»

በወጡ ዕለት ደጃፍ ላይ ወንበር አወጣንላቸው።
ሌሊቱ ውርጭ ነበረ። የጧቷ ፀሐይ መጣችላቸው፣
ያቺ ከብርድ በኋላ፣ ሳትቸኩል የምትደርሰው፣
ጀርባ ላይ እንደ ዘመድ እጅ የምታርፈው።
ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ለዚችስ» አሉኝ፣ «ቃል አላቸው?»

አላቸው። በወጣትነቴ አንብቤዋለሁ፤
አባቱም ሮማ ነው፤
ግን በ«ኤ» ነው የሚጀምረው።
ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ቀረ።
«በላው፣ የኔታ» አልኳቸው፣ «አይጥ በላው።»

ሳቁ፣ ጋቢያቸው ከትከሻ እስኪያመልጥ፦
«እንግዲያ ቤትህ ስትገባ፣ ፀሐይ ሲሞቅ ታገኘዋለህ ያን አይጥ።»