የሰባት ቤት የቤት ሥራ

መክሊት ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ትታ ተኛች፣
«አባዬ፣ አንተ ሙላልኝ፤ ለሰኞ ነው» አለች።
መስኮቱን የደብረ ብርሃን ውርጭ ነጭ አድርጎታል፤
የብርድ ልብስ ፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ ከሩቅ ይሰማል።
ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ የተበጠሰ ክር ስቀጥል ኖሬአለሁ፤
ቋጠሮውን በጣቴ ዳብሼ አውቃለሁ፣
ጨርቁ ላይ ግን አይታይም። ያሞቃል።

«የዘር ሐረግ፣ እስከ ሰባት ቤት።» ሰባት ባዶ መስመር።
መንዝ ተወልዶ ይሄን የማይቆጥር ማን ነበር?
ርስት ሲካፈሉ፣ ድንበር ሲካሰሱ፣
አባቴ እንደ ዳዊት ነው ያስደገመኝ እሱ፦
ድልነሳው፣ ሽብሩ፣ አጎናፍር፣ ወልደጊዮርጊስ፣
ሳልሰናከል፣ ትንፋሽ ሳልወስድ፣ እስከ ሰባተኛው ድረስ።

ዛሬ እርሳሱ መጀመሪያው መስመር ላይ ቆመ።

አዲስ አበባ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ የሺመቤት እጄን ይዛ፣
ሐኪሙ ቃል ሲመርጥ፣ ገበያ እንደወጣ ሰው ሊገዛ፤
«ለጋሹ አይታወቅም። ስሙ አይጠየቅም። እዚህ ጋ ይፈርሙ።»
ፈረምኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ፣ እንዳይታወቅ ስሙ።
የማን እፍረት ነበር ያን ቀን የሸፈንኩት?
ለሷ ነው እል ነበር። የራሴን ነው የደበቅኩት።
ገና ያልተወለደች ልጅ አንድ ቀን የምትጠይቀውን፣
ቀድሜ ፈረምኩባት፤ ዘጋሁባት በሩን።

ስም ሲጠራ «መክሊት ድልነሳው» ሲሉ «አቤት» ትላለች፤
በየማለዳው እኔን ይዛኝ ትቆማለች።
ይሄ ውሸት ነው? ትኩሳቷን በግንባሬ ለክቻለሁ፣
በበሬሳ ድልድይ በዝናብ አዝዬአት ሮጫለሁ፤
አባት ይሄ ካልሆነ፣ ምን እንደሆነ አላውቅም።
ግን ደግሞ፣
አንድ ቀን ሽማግሌ ይመጣል፣ ለጋብቻ፤
ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ እቆጥራለሁ፣ በኔ ቤት ብቻ።
የሚመጣው የዚያው ሰው ልጅ ቢሆንስ? ማን ያውቃል?
ከአያቶቼ ሁሉ የትኛው ይመሰክርላታል?

አንተ ስምህ የማይጠየቅ፣ አልጠላህም፤
ጆሮዋ የኔም የናቷም አይደለም።
ስትስቅ አንዱ ጉንጯ ብቻ ስርጉድ ይላል፤
አንተስ ስትስቅ ስርጉድ ይልሃል?
የመክሊቱ ጌታ አንድ ቀን ተመልሶ ሒሳብ ይጠይቃል፤
ያ ጌታ አንተ ትመስለኝ ነበር፣ በር በተንኳኳ ቁጥር።
እሷ ናት።

ሲነጋጋ ብርድ ልብሷን ተከናንባ መጣች፤
«አባዬ፣ ስንት ደረስክ?» አለች።
«አንድ።»
«አንድ ብቻ?»
«እሱም ገና ነው። ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ።»
የሺመቤት በሩ ላይ ቆማ ነበር።
ራሷን ነቀነቀች፤
እሺም፣ እምቢም አይመስል።