ሽታን በሽታ

ኅዳር ሲገባ ቢቶም ጭሷን ትደርባለች፤
የከሰል ነፍስ ከየምድጃው ወደ ጎዳና ትወጣለች፤
አየሩ ምላስ ላይ ዝገት ዝገት ይላል።
እኔና ቮይቼሃ መስኮቱን በጨርቅ እንጠቀጥቃለን፣
አራተኛው ፎቅ ላይ፣ እስከ ፋሲካ፣
ያንኑ አየር እንካፈላለን።

የማክሰኞ ጎመን እስከ ዓርብ ያድራል፤
የካፖርቴ እርጥበት፣ የጉልበቴ ቅባት፣ የድመቷ አሸዋ
ኮሪደሩ ላይ ተሰልፎ እንግዳ ይቀበላል።
ቮይቼሃ እንግዳ አትፈራም፤ አፍንጫውን እንጂ።
«ቤት የሚታማው በሽታው ነው» ትላለች።
አንድ ቅዳሜ ከገበያ ገላጋይ ይዛ መጣች፦
ሶኬት ላይ የምትሰካ፣ አውራ ጣት የምታህል ጠርሙስ፣
ስሟ «የተራራ ማለዳ»።

ተራራውን አውቀዋለሁ፤ በወጣትነቴ ወጥቼበታለሁ፤
የሚሸተው እርጥብ ድንጋይና በግ ነው።
ግን ለትዳር ሲባል ዝም ብያለሁ።

አንዷ ጠርሙስ ሦስት ወለደች።
መጸዳጃ ቤቱ ውቅያኖስ ሆነ፣ ኮሪደሩ የአበባ መስክ፤
መደርደሪያው ላይ ደግሞ በየሩብ ሰዓቱ
ብቻዋን የምታስነጥስ ነጭ ቆርቆሮ ተቀመጠች።
እኩለ ሌሊት ስባንን «እትስ!» ትለኛለች፤
«ይማርሽ» ልላት ይቃጣኛል።

ኢግናሲ፣ የልጃችን የብላንካ ልጅ፣
እሑድ እሑድ ይመጣል፣ እርሳሱን በኪሱ ይዞ።
ምንጣፉ ላይ በደረቱ ተኝቶ
ሳለ፤
ድመቷን፣ ከጢሟ እስከ ጭራዋ።
ደግሞም ሳለ፤
ትከሻው እስኪነሣ፣ ከንፈሩ እስኪገረጣ።

«ጭሱ ነው» አልን፤ ጨርቁን አጠበቅን።
«አቧራው ነው» አልን፤ ምንጣፉን ሸጥን።
«ድመቷ ናት» አለች ብላንካ፤
ማንም አልመለሰላት።

ሳድዛ ነው ስሟ፤ ጥቀርሻ ማለት።
አሥራ አንድ ክረምት ጉልበቴን ያሞቀች፤
ከየትኛውም ቅባት የምትሻል መድኃኒት።
በካርቶን ከትቼ፣ በአውቶቡስ፣
ግሊቪትዜ ለእህቴ ለኤውፍሮዚና አስረከብኳት።
መንገዱን ሙሉ አልጮኸችም።
ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ስመለስ ቮይቼሃ የድመቷን ጥግ በሳሙና አጥባ
አራተኛዋን ጠርሙስ ሰክታበታለች።
በሚቀጥለው እሑድ ልጁ
ከወትሮው ብሶበት ሳለ።

ሐኪሟ ደረቱን አዳምጣ ስትጨርስ
ዞር ብላ የእኔን ኮት አሸተተች።
«ቤታችሁ ምን ትሰካላችሁ?» አለች።
ብላንካ ወለሉን አየች፣ እኔ ጣሪያውን።
«መጥፎ ጠረን እንዲህ አይሞትም፤ ልብስ ይለብሳል እንጂ።
አፍንጫችሁ ለምዶታል፤ የልጁ ሳንባ አልለመደም።
በታፈነ ቤት ደግሞ ያ የሎሚ ሽታ
ከአየሩ ጋር ይጋባና
ጠርሙሱ ላይ ስሙ ያልተጻፈ ነገር ይወልዳል።»

ሽታን በሽታ ሸፈንን፤
ሽታው ሄደ፣
በሽታው ቀረ።

ማታ ቮይቼሃ ቃል ሳትናገር ነቀለቻቸው።
በየሶኬቱ ዙሪያ ግድግዳው ላይ
ጣት የሚያጣብቅ ቢጫ ክብ ነበር።
ቆርቆሮዋን በረንዳ አወጣኋት፤ እዚያም አስነጠሰች፣
ማንም አልማራትም።

ጭሱ ጋብ ሲል፣ ከምሳ በኋላ፣ ለአሥር ደቂቃ
መስኮት እንከፍት ጀመር።
በሦስተኛው ቀን ጎመኑ ተመለሰ።
በአምስተኛው እኔ።
«እንዲህ ነበር እንዴ የምትሸተው?» አለችኝ ትራሷ ላይ ሆና።
«አርባ ዓመት ሙሉ» አልኋት።
ሳቀች፣ ፊቷንም አላዞረችም።

ሳድዛን ላመጣ ሄድኩ።
ከእህቴ ቁም ሣጥን ሥር ወጥታ እጄን አሸተተች፣
የተራራ ማለዳ፣ ይመስለኛል፣ ከቆዳዬ ገና አልወጣም፤
ተመልሳ ገባች።
ካርቶኑን ባዶውን ይዤ ተሳፈርኩ።

እሑድ ኢግናሲ መጣ።
ምንጣፍ በሌለው ወለል ላይ በደረቱ ተኛ፤
ሳለ።
ሁለታችንም ማንኪያችንን አስቀምጠን፣ ትንፋሻችንን ውጠን፣
ጆሯችንን አቀናን።

እርሳሱ ብቻ ነበር።
ጢሟ ጋ ደርሷል።