ሃያ ሚሊግራም ሌሊት

በኬሚ፣ በሰኔ፣ ፀሐይ አትጠልቅም፤
ለይምሰል ጎንበስ ትላለች እንጂ አትርቅም።
ሄልቪ መስኮቷ ላይ ብርድ ልብስ ቸነከረች፤
አልጨልም ቢላት
የሟች ባሏን ካፖርት በላዩ አከለች።

ሠላሳ አንድ ዓመት በሌሊት ፈረቃ፣
አምፖል እያፈጠጠባት ጥቅልል ወረቀት ጠብቃ፣
ለፋብሪካው ጨለማዋን በሰዓት ሸጠች፤
ሂሳቧን ተቀብላ፣ ፈርማ ወጣች።
ዛሬ ጡቷ ውስጥ ያለው ግን ፈረቃ አያውቅም፤
ሌት ተቀን ይባዛል፣ ሥራውን አይለቅም።

«ሜላቶኒን ይባላል» አላት ዶክተር ኡርፖ
ክኒኑን በመዳፉ እያንከባለለ፤
«ከአእምሮ ሥር የሩዝ ፍሬ የምታህል እጢ
በጨለማ ብቻ የምትጠምቀው።
ከኬሞው ጎን ሃያ ሚሊግራም፣ ማታ ማታ።
ያግዝ እንደሆን አናውቅም፤ ጥናቱም ለዚሁ ነው።
የእርስዎ ብልቃጥ ደግሞ ባዶ ዱቄት ሊሆን ይችላል፤
እሱን እኔም አላውቅ።»

ሳቀች። «በደመወዝ የሸጥኩትን ሌሊት
በክኒን ልትመልስልኝ?»
«እንሞክር ነው ያልኩት» አላት፣ አንገቱን ደፍቶ።

ማታ በአራት ሰዓት ዋጠችው፤
ሌሊት ይሁን ዱቄት ምላሷ አልለየም።
ካፖርቱ የድሮ ትምባሆ ይሸታል።
እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል
የፋብሪካው ፊሽካ ጮኸ።
የካፖርቱን ጫፍ ገለጥ አደረገች፤ ብርሃኑ ዓይኗን ወጋው፤
የጎረቤቷ ልጅ ካይሱ፣ ገና ሃያ ዓመቷ፣
ምሳ ዕቃዋን ብስክሌቷ ላይ አስራ
ወደ ፈረቃዋ ትከንፋለች።

ልትጠራት አፏን ከፈተች።
ምን ብላ?
ካፖርቱን መለሰችው።