የጥድ ቅጠል

ቤት ውስጥ ስታፈላ ኢርሜሊ ልክ አላት፤
አራት ማንኪያ ሙሉ፣ ውኃ እስከ ምልክት።
ማሽኑ ሲንተከተክ ሬይማ ዝም ይላል፤
ጠጥቶ፣ አመስግኖ፣ ስኒውን ያጥባል።

ሐምሌ፣ ኢናሪ ሐይቅ፣ ድንኳን ሲተክሉ፣
ማጣሪያው ቤት ቀርቷል፤ ማንኪያውም የለ አሉ።
እሱ ግን አወጣ የአባቱን ማንቆርቆሪያ፣
ጥቀርሻ የጠገበ፣ ባለሽቦ ማንጠልጠያ።
ቡናውን በእፍኙ፣ ጨውን በጣት ጫፍ፣
ጣለና ጠበቀ አተላው እስኪያርፍ።

ነፋስ ጥዱን ነካው። አንዲት ቀጭን ቅጠል
ቡናዋ ላይ ወድቃ ዞር ዞር ስትል፣
ሳቀች ኢርሜሊ፦ «ይቺስ ስንት ማንኪያ ትባል?»

በታኅሣሥ፣ ፀሐይ በማትወጣበት ጠዋት፣
ማሽኑ ተንተክትኮ ሬይማ ቀዳላት።
ስኒዋን አነሣች፤ ዝም ብላ አየቻት፤
ደረቅ የጥድ ቅጠል።
                              አላወጣቻት።