እስከ ሰባት

ሐምሌ ስባል ድሮ፣ ትዝ የሚለኝ ጭቃ፤
ፌራራ ላይ ሐምሌ፣ የቤቱ ጡብ ነቃ፤
ቀን የጠጣውን እሳት፣ ሌሊት ሲተነፍሰው
እንኳን ባለ ጠጉሩ፣ አልቻለም ራቁት ሰው።

ሁለት አሮጌ ነፍስ ነው፣ ለእጄ የተሰጠ፦
አንዱ ቤፔ፣ ቡልዶጉ፣ አፍንጫው የተደፈጠጠ፣
ሦስት ደረጃ ወርዶ፣ ቁና ቁና የሚተነፍስ፣
ምላሱን እንደ መሀረብ፣ አውጥቶ የሚመልስ፤
አንዷ ሲኞራ ኢዮሌ፣ ዘጠና ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣
"አንቱ" ስላት የምትቆጣ፣ "አንቺ" ስላት ደስ የሚላት፣
ሐኪም "ውኃ" ባለ ቁጥር፣ ጥማት የሚጠፋት።

ወንድሜ በስልክ ሲስቅ፣ "የውሻ ሞግዚት ሆንሽ?" አለኝ፤
"ውሻ ምን አገባት ከእርሻ" ልል ነበር፤ አፌ ላይ ቀረብኝ።
ያን ጊዜ ተንበርክኬ ነበር፣ ከመንገዱ ዳር፣
የእጄን ጀርባ አስፋልቱ ላይ ጥዬ ስቆጥር፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
አራት ላይ አነሣሁት።
እስከ ሰባት ካልቻልኩ፣ መዳፉም አይችልም፤
ጫማ የለው፤ "አቃጠለኝ" ብሎም አይናገርም።
ተመለስን። ቤፔ አኮረፈ፣
ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ፣ እራቱንም አለፈ።

ሰዓታችንን ለወጥን። ጎሕ ሳይቀድ እንወጣለን፣
ዳቦ ጋጋሪው በዱቄት እጁ ሰላም ሲለን፣
ከጥላ ወደ ጥላ፣ የግንቡን ጥግ ይዘን፣
የወንዝ ጠጠር የተነጠፈበት ጎዳና
እንደ ውኃ ቅል ቀዝቅዞ ሳለ ገና።
እሱ የቆመ ብስክሌት ሁሉ ያሸታል፣ አይቸኩልም፤
እኔ ምሥራቁን አያለሁ፤ ፀሐይ እንደሁ አትቀርም።

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ መስኮቱ ይዘጋል፣
እርጥብ ፎጣ ወለሉ ላይ ይዘረጋል፤
ከሥሩ ነው እንጂ ከላዩ አይደለም፤
ጀርባው ላይ ቢጫን ሙቀት ያፍናል፣ አያበርድም።

ኢዮሌ ግን አትጠጣም። ብርጭቆው ሞልቶ ይውላል።
ለመንኳት። ተቆጣኋት። ሎሚ ጨመቅኩ። ምን ያደርጋል?
አንድ ቀን፣ "ቤፔም አልጠጣ አለ፤ አንቺን እያየ ነው" አልኳት።
ውሸቴን ነው፤ ሳህኑን ሁለቴ ጨርሷል ከጠዋት።
ዓይኗን አጥብባ አየችው። እሱም የተባረከ፣
የመከርን ይመስል፣ ፎጣው ላይ ተንበረከከ።
"ሞኝ!" ብላ ብርጭቆዋን አነሣች፤
አንዴ ጎንጨት፣ "አየህ?"፣ አንዴ ጎንጨት፣ ጨረሰች።
ቤፔም ተነሥቶ ጠጣ፤ ከጥማት ይሁን ከይሉኝታ
እንጃ። እንዲህ ሰነበትን፣ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ።

ቅዳሜ ዕለት ከፋርማሲው ፊት፣ ጥቁር መኪና ቆሞ፣
መስኮቱ ጣት ያህል ተከፍቶ፣ ውስጡ ቡችላ ደክሞ፣
ከበረንዳ አየችው። ያ ጩኸት ከዚያች ደረት
እንዴት እንደ ወጣ! ጎረቤት ሁሉ ወጣ በድንጋጤ ብዛት።
ባለቤቱ እየሮጠ መጣ፣ አይስክሬሙ ክርኑ ላይ ፈሶ፣
"አምስት ደቂቃ ብቻ ነው" አለ ድምፁን ቀንሶ።
"አንተ ግባበት አምስት ደቂቃ!" አለችው፤
ሰውየው በሩን ከፈተ፤ ቡችላውን ወደ ጥላ ወሰደው።

የዚያኑ ዕለት ማታ አሳንሰሩ ተበላሸ።
ቤፔን ተሸክሜ፣ አራት ፎቅ፣ ልብሴ በላብ ራሰ፣ ዓይኔ ፈዘዘ፣
ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ዘፍ አልኩ።
ኢዮሌ ከወንበሯ ተነሣች፣ ዝግ ብላ፣ ግድግዳ ይዛ፣
የእጇን ጀርባ ግንባሬ ላይ አሳረፈች፤
"ኡኖ፣ ዱዌ፣ ትሬ..."
አራት ላይ አነሣችው።

"አንቺንስ ማን ያጠጣሻል?" አለች፣
ሦስተኛውን ብርጭቆ በሚንቀጠቀጥ እጇ እየሞላች።
ግማሹ ፈሰሰ።
ቤፔ እንኳ ከፎጣው ላይ ትንሽ፣
በጣም ትንሽ፣
ፈቀቅ አለልኝ።